አባዬ የዋጡት

መስከረም 26፣ እሑድ

ጽጌ ገባ። አባዬ ሌሊቱን ቆመው አድረው ጠዋት ከቅዳሴ ሲወጡ ሰው መንገድ ላይ ጠብቆ ጉልበታቸውን ሳመ። «መሪጌታ፣ ድምፅዎ ዘንድሮ ታደሰ እኮ!» አለቻቸው አንዷ። ከኋላቸው ጥላ ይዤ እሄድ ነበር። ሰው ጉልበታቸውን በሳመ ቁጥር የሚወድቁ ይመስለኛል። ምን ይዟቸው እንደቆመ የማውቀው እኔ ነኛ።

ቤት ገብተን ኮታቸውን ሳወልቅላቸው አንገትጌው ላይ ላባቸው ደርቆ ነጭ ጨው ሠርቷል። ጠረኑ የላብ ጠረን አይደለም። የመድኃኒት ነው፤ ኮምጣጣ፣ ጉሮሮ የሚይዝ። ኪሳቸው ውስጥ ሁለት ፍሬ የቀረበት የሕመም ማስታገሻ፣ የትራማዶል ማሸጊያ አገኘሁ። መልሼ ከተትኩት። ለምን እንደመለስኩት አላውቅም።

ከበቅሎ የወደቁት የካቲት ላይ ነው። ደብረ ብርሃን የታሰረላቸው እግር ሰኔ ሳይጋመስ ድኖ ምርኩዙን ጣሉ። ታዲያ አሁን የሚያማቸው ምንድን ነው? ስጠይቃቸው «የተሰበረ አጥንት ብርድ ያስታውሳል» ይላሉ። ሞላሌ ውስጥ ብርድ የማያስታውስ አጥንት ያለው ማን አለ?

ኮቱን በሙቅ ውሃ፣ አንሶላውን በበረኪና ዘፈዘፍኩ።

መስከረም 29፣ ረቡዕ

እፀገነት ቀሚስ ልትለካ መጣች። የእማማ አስካለ ምራት ናት። እማማ አስካለ በካንሰር አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል፤ አባዬ በየሁለት ቀኑ እየሄዱ ጸሎት ያደርሱላቸዋል። «አባትሽ ባይኖሩ እማማ በጭንቀት ይሞቱ ነበር» አለችኝ። ሜትሩን ወገቧ ላይ አዞርኩ። ቀጠለች።

«ዳኜስ? ደወለ?»

«ደኅና ነው። ያለበት ቦታ ስልክ አይይዝም።»

«ከጥር ጀምሮ? ወንድምሽ እኮ አንድ ቀን ሳይደውል የማይውል…»

«ክንድሽን ዘርጊ» አልኳት።

የለካሁትን ጽፌ ሳየው የወገቧንና የክንዷን አቀያይሬዋለሁ። ነገ ጠርቼ እንደገና መለካት ሊኖርብኝ ነው። ወሬ እየለቀሙ የሚመጡ ሰዎች ያስጠሉኛል። አፋቸው ይጣፍጣል፤ ዓይናቸው ግን ቤቱን ይበረብራል።

ጥቅምት 3፣ እሑድ

ሁለተኛው ሳምንት። ዘንድሮ አባዬ ማሕሌት ላይ አፍንጫቸውን ማከክ ጀምረዋል። አፍንጫ፣ አንገት፣ ብብት፣ ደግሞ አፍንጫ። ከሴቶች በኩል ሆኜ ሳያቸው እኔንም በላኝ። የዓይናቸው ጥቁር የመርፌ ጫፍ አክሎ ጠቧል። ከጎኔ የቆመችው ሴትዮ «ዓይናቸው እንኳ የሚያየው ሌላ ነው» ብላ በነጠላዋ እንባዋን ጠረገች።

ውጭ ወጥቼ ከግንቡ ሥር ምራቄን ተፋሁ።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

የመድኃኒት መደብሩ ባለቤት አፈወርቅ ዘንድ ሄድኩ። ደንበኞቹ እስኪወጡ ጠበቅሁና «ለአባቴ ይኸን ነገር የምትሸጥላቸው በማን ትእዛዝ ነው?» አልኩት።

«አመተ፣ መሪጌታ እኮ ናቸው። ክርስትና ስነሣ ያዜሙ ሰው ናቸው። እንዴት ብዬ ወረቀት አምጡ ልበላቸው?»

«ለሌላ ሰው ትሸጣለህ?»

«ለሌላ ሰው አልሸጥም» አለ። ያፈረ መስሎኝ ነበር፤ በራሱ ሲኮራ ነው ያየሁት።

ከሸጥህ ጤና ቢሮ ሄጄ እከስሃለሁ አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። እሺ፣ አቆማለሁ አለ። ስወጣ ግን ጠራኝ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚህ ሲመጡ ስለ እግራቸው አንድም ቀን አውርተውኝ አያውቁም። ወንበሩ ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ብቻ ‹ይኸን ስውጥ ደረቴ ውስጥ ያለው ነገር ይተኛልኛል› አሉኝ።»

ምንድን ነው የሚተኛው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ቤት ልብስ ዘፍዝፌ ነበርና ቸኮልኩ።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ሦስተኛ ቀናቸው ያለ ኪኒን። ይኸን መጻፍ ራሱ ይቀፈኛል፤ ካልጻፍኩት ደግሞ ሆዴ ውስጥ ይቀራል።

ያዛጋሉ። ያለማቋረጥ፣ መንጋጋቸው እስኪሰነጠቅ። ንፍጣቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ አይጠርጉትም። የክንዳቸው ቆዳ እንደ ተነጨ ዶሮ ቆሟል። ሽንት ቤት እስኪደርሱ መያዝ አልቻሉም፤ ሁለት ጊዜ ልብስ ቀየርኩላቸው። ሠላሳ ዓመት የደብሩን ማሕሌት የመሩ ሰው ናቸው እኮ! ተማሪዎቻቸው ጎጃም ድረስ መምህር ሆነዋል። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ሱሪያቸውን በእንጨት አንሥቼ ባልዲ ውስጥ እከታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ለመኑኝ። መለመናቸው ከሁሉም ባሰብኝ። «ስለ እመብርሃን፣ አንድ ብቻ፣ ለነገው ማሕሌት ብቻ» እያሉ ቀሚሴን ያዙ። እጃቸውን ከቀሚሴ ላይ ጣት በጣት ፈለቀቅሁት።

ከዚያ ተረጋጉና ግድግዳውን እያዩ «አመተ፣ እስቲ ቁጭ በይ» አሉኝ። «ስለ ዳኜ ልጠይቅሽ የምፈልገው…»

«አሁን አይሆንም አባዬ፣ ልብሱ ይደርቅብኛል» አልኩና ወጣሁ።

ውጭ ጉም ነበር። በዚህ ጉም የሚደርቅ ልብስ የለም። ቢሆንም ልብሱ አጠገብ ቆምኩ።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ያ ትናንት የተዝረከረኩት ሰውዬ ዛሬ ቆመው አደሩ። ድምፃቸው ጥርት ብሎ። ሕዝቡ ሲያጨበጭብና እልል ሲል ከጎኔ ያሉትን ሴቶች ገፍቼ ልወጣ ምንም አልቀረኝ። ከየት አገኙ? አፈወርቅን በዓይኔ ፈለግሁት። ከወንዶች በኩል ቆሞ ነበር፤ አየኝና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እኔ አይደለሁም ማለቱ ነው።

ታዲያ ማን?

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

አሁን አወቅሁ።

እፀገነት ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ ከሌላ ደንበኛ ጋር ስታወራ ሰማሁ። የእማማ አስካለ የሕመም ማስታገሻ ጠፍቷል። ሦስት ሌሊት ሙሉ ሲጮሁ አደሩ፤ ሌላ እስኪመጣላቸው ጎረቤት እንቅልፍ አልተኛም። «የወሰደችው ያቺ ልጅ ናት» አለች። ራውዳን ነው የምትለው፤ ከሸዋ ሮቢት የመጣችውን ሠራተኛቸውን። «ከእሷ ሌላ ጓዳችን የሚገባ ማን አለ? መሪጌታና እሷ ብቻ።» ሁለቱም ሳቁ። መሪጌታን ከሌባ ጋር አብሮ መጥራቱ ነው ያሳቃቸው።

«እና ምን አደረጋችኋት?» አለቻት ደንበኛዋ።

«አባረርናታ!»

ከሄዱ በኋላ የአባዬን ጥምጥም ለማጠብ ፈታሁት። ከእጥፉ ውስጥ ማሸጊያ ወደቀ። የእሳቸው ኪኒን አረንጓዴና ቢጫ ነው። ይኸኛው ነጭ፣ ክብ ነው።

ከሚሞት ሰው አፍ! ጸሎት እያደረሱ! የትኛው እጃቸው ነው የወሰደው? ዳዊቱን የያዘው ነው ሌላኛው?

ጥምጥሙን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ሦስተኛው ላይ ውሃው ቀላ። የእኔ እጅ ነው፤ ጣቶቼ መሃል ተሰነጣጥቋል። በረኪናው ብርቱ ነው።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ራውዳ መጣች። የሻንጣዋ ዚፕ ተበጥሶ ኖሮ «ከመሄዴ በፊት ስፊልኝ» አለችኝ። በር ላይ ቆመች። ግቢ ስላት እምቢ አለች።

«ወላሂ አልነካሁም» አለችኝ፤ ሳልጠይቃት። «እማማን ማታ ማታ የማገላብጣቸው እኔ ነኝ። ሲያማቸው እጄን ነው የሚይዙት። እኔ እንዴት ከሳቸው እወስዳለሁ?»

«ወሰድሽ ማን አለሽ?» አልኳት።

«ሁሉም ብሎኛል። አንቺ ብቻ ነሽ ያላልሽኝ። እግዜር ይስጥሽ።»

ማሽኑን ረገጥኩት። እንዲጮህ፣ እሷ እንድታቆም። ዚፑን ሰፍቼ ስሰጣት ሻንጣው ላይ ደም ነክቶት ነበር። በምራቄ ጠረግሁት። አመስግናኝ ወደ መኪናው ሄደች።

ዛሬ የተጸየፍኩት አባዬን ብቻ አይደለም። ይኸን መጻፍ አልቀጥልም።

ጥቅምት 14

ግንቦት ላይ የደወለልኝ ያ ቁጥር ደግሞ ደወለ። አላነሣሁም።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ወደቁ።

ጎህ ሲቀድ ነው። ማሕሌቱ ወደ ማለቁ ነበር፤ ከበሮው ፈጥኗል። አባዬ መሃል ላይ ነበሩ። ጸናጽሉ ከእጃቸው አምልጦ ወለሉ ላይ ሲጮህ ሰማሁ፤ ከዚያ እሳቸው። ቀኝ ጌታ አትናቴዎስ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ የሚመራው፣ ጭንቅላታቸው ድንጋዩን ሳይመታ ያዛቸው። እጅና እግራቸው ተንቀጠቀጠ። ዓይናቸው ወደ ላይ ዞረ። አረፋ ደፈቁ። ነጩ ልብሳቸው ከወገባቸው በታች ረጠበ።

ወዲያው አንድ ድምፅ «ተመሰጡ!» አለ። እልልታው ቀለጠ።

እልል አሉ! አባቴ በሽንታቸው ውስጥ ሲንፈራገጡ እልል አሉ። አንዷ አረፋውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አሸች። አንዷ የታመመ ሕፃኗን አምጥታ እግራቸው ሥር አስተኛችው። ሰዉን እየገፋሁ ደርሼ «ልቀቋቸው! አየር ስጧቸው!» ብዬ ጮህኩ። «ኧረ ተይ፣ ጸጋ አታቋርጪ» አለኝ አንድ ሽማግሌ።

አትናቴዎስ ብቻ ነው ያየኝ። ካባውን አውልቆ እርጥቡን ሸፈነልኝ። ቀስ ብሎ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ። እሱ ሁልጊዜ ቦታቸውን የሚመኝ ይመስለኝ ነበር። ፊቱ ላይ ምኞት ፈልጌ አጣሁ።

እስካሁን ሰው እየመጣ ነው። ዘይት ይዞ፣ ውሃ ይዞ፣ እንዲባርኩለት። አባዬ ተኝተዋል፤ ምላሳቸውን ነክሰዋል። «የሉም» እያልኩ እመልሳለሁ። በሩን በበረኪና አጠብኩት።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

አፈወርቅ በጓሮ በኩል መጣ። «ተመስጦ አይደለም» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ይኸ ኪኒን ከልክ ሲያልፍ እንደዚህ ይጥላል። ደግሞም አንቺ በአንድ ጊዜ ስታስቆሚያቸው ያገኙትን ሁሉ ባንዴ ዋጡት። ሐኪም ነው ቀስ በቀስ የሚያወርድላቸው። ደብረ ብርሃን ውሰጃቸው።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው እልል ይላላ!» አለ በንዴት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። እግራቸው ትኩስ ስብራት ሆኖ ሳለ በታዘዘላቸው ልክ ነበር የሚወስዱት። ግንቦት ላይ ነው እጥፍ ያደረጉት። ግንቦት ላይ ምን ሆኑ?»

«ምንም» አልኩት።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ሦስት ጊዜ ደወለ። ስልኩን አጠፋሁት። ለሰንበት ተማሪዎች የምሰፋው ነጭ ቀሚስ ጠርዙ ላይ ደም ነክቶ ተበላሸ። አዲስ ጨርቅ ቆረጥኩ። እሱም ነካው።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

አባዬ ቤት ዋሉ። ለሰዉ ጉንፋን ነው ብያለሁ። አፈወርቅ ከመጣ ወዲህ ከእሱ እየተቀበልኩ ጥቂት ጥቂት እየሰጠኋቸው ነው፤ ኪኒኑን መቀነቴ ውስጥ አስሬ እዞራለሁ። ቁርስ አቅርቤ ሳይነኩት በረደ። ከደብሩ የከበሮ ድምፅ ይመጣ ነበር። አትናቴዎስ እየመራ ነው። አባዬ ጋደም ብለው ጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ ይመታል።

«ድምፁ ቀጭን ነው» አልኩ፤ ደስ እንዲላቸው ብዬ።

«እውነተኛ ነው» አሉ። ቀጠሉና «እኔ አመተ፣ ሳልውጥ ማዜም ፈራሁ» አሉኝ። «አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ሊወጣ ይመጣል። ዜማ ያልሆነ። በሕዝብ ፊት እንዳይወጣ ነው የምውጠው። ሲደነዝዘኝ ብቻ ነው ዜማው ለብቻው የሚወጣው።»

«ምንድን ነው የሚወጣው?» አላልኩም። ልብስ ላነሣ ወጣሁ። ዛሬ ልብስ አላጠብኩም ነበር።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

እንደሆነው ልጽፈው።

ከምሳ በኋላ ነው። ማሽኑ ላይ ነበርኩ። በሩ ላይ ጥላ አየሁና ቀና ስል ይሥሐቅ ቆሟል። የዳኜ የልጅነት ጓደኛ፤ ጥር ላይ ለስደት አብረው የወጡት። መጀመሪያ አላወቅሁትም፤ ከስቶ አንገቱ ብቻ ቀርቷል። ያ ቁጥር የእሱ ነው።

«ተመልሰህ መጣህ?» አልኩት። ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም።

«መለሱን። ስደውል ለምን አታነሺም?»

«አባዬ ተኝተዋል። ሌላ ቀን ና።»

«ማን ነው?» አሉ ከውስጥ።

እጄን አፌ ላይ አድርጌ እንዳይናገር ምልክት ሰጠሁት። እሱ ግን «ይሥሐቅ ነኝ፣ አባ» አለ።

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። አባዬ ብርድ ልብሱን እንደለበሱ ግድግዳ እየያዙ ወጡ። ይሥሐቅ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዘው አቀኑት። መደቡ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡት። ገና አፉን ሳይከፍት እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ የት ቀበራችሁት?»

መቀሱ ከጭኔ ላይ ወደቀ።

ይሥሐቅ ወደ እኔ ዞረ። «አመተ ነገረችዎት?»

«አልነገረችኝም። የደወልህላት ቀን በር ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር። ስልኩን ይዛ ጓሮ ሄደች። ‹ማን አጠበው?› ስትል ሰማሁ። ደጋግማ ይኸንኑ ነው ያለችህ። ‹ማን አጠበው?›»

ይሥሐቅ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ማንም አላጠበውም አባ» አለ። «ጀልባዋ ከተገለበጠች በሦስተኛው ቀን ነው ባሕሩ ያወጣው። እኛ ስናገኘው… በቀበቶው ነው ያወቅሁት። ዳርቻው ላይ አሸዋ ቆፍረን፣ ድንጋይ ደረደርንበት።»

«ጸሎትስ?»

«አባታችን ሆይ ደገምን። ሌላ የምናውቀው የለም።»

«ይበቃል» አሉ አባዬ። «ይበቃል፣ ልጄ።»

ከዚያ ያ የፈሩት ነገር ወጣ። ዜማ አይደለም። ቃልም የለውም። በሬ ሲታረድ እንኳ እንደዚያ አይጮኽም። ጎረቤት በሩን ገፍቶ እስኪገባ ጮኹ። ንፍጣቸውና እንባቸው ጢማቸው ላይ ተቀላቅሎ ይሥሐቅ ትከሻ ላይ ወረደ፤ እሱም አቅፏቸው ነበር። እኔ ማሽኑ ላይ ተቀምጬ ዘገነነኝ። አዎ፣ ያን ጊዜም ዘገነነኝ። እግሬ መርገጫው ላይ ነበር፤ ማሽኑ ባዶውን ይሰፋል።

በረድ ሲልላቸው ወደ እኔ አዩ።

«እስክትነግሪኝ ጠበቅሁሽ» አሉኝ። «አንቺ ዛሬ ነገ ስትይ፣ እኔ ካለቀስኩ አንቺም ትወድቂያለሽ ብዬ ስፈራ። መሸከም ሲያቅተኝ ዋጥሁ።»

«እግርዎ እስኪድን ብዬ ነው አባዬ» አልኩ።

እግራቸው ሰኔ ላይ ድኗል። ከዚህ በፊት ጽፌዋለሁ።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ድንኳን ተተከለ። ሰው መጣ። የሚያለቅሰው ያለቅሳል፤ የሚቆጣው «ከግንቦት እስከ ዛሬ ደበቃችሁን» ብሎ ይቆጣል። አንዷ ጆሮዬ ሥር «ዓሣ በልቶት ነበር ይባላል?» አለችኝ። ከድንኳኑ ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ አስመለሰኝ። አትናቴዎስ ጸሎቱን አደረሰ። የዳኜን የክርስትና ስም ሲጠይቅ አባዬ ሞክረው አቃታቸው። እኔ ተናገርኩት።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

አባዬ እማማ አስካለ ዘንድ እንሂድ አሉኝ። አትናቴዎስም አብሮን ሄደ። ቤተሰቡ ሊያጽናናቸው ተነሥቶ ሲቀበላቸው ቆመው ቀሩ፤ አልቀመጥም አሉ።

«የእማማን መድኃኒት የወሰድኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ያቺ ልጅ አይደለችም። ከራስጌያቸው፣ ዳዊት እየደገምኩ፣ በዚህ እጄ። ከየካቲት ጀምሮ በዚህ ነገር ተይዣለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የወደቅሁትም በእሱ ነው።»

እፀገነት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። ፊቷን አየሁት። ስንት ሳምንት እኔ የለበስኩት ፊት ነው፤ ከውጭ ሳየው ምንኛ ያስጠላል! «በእማማ ጩኸት ላይ?» አለች። «እኔ እኮ እጅዎን ስስም ነበር!»

ከአልጋው እማማ አስካለ ሳሉ። ድምፃቸው ከጉድጓድ እንደሚመጣ ነው። «ተያቸው» አሉ። «እኔም ተነሥቼ መሄድ ብችል ከሰው እሰርቅ ነበር። ይኸ ሕመም ምን እንደሚያስደርግ እናንተ አታውቁም።» ከዚያ «ልጅቷን ግን ጥሯት» አሉ።

የእፀገነት ባል ወዲያው ለራውዳ ደወለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎት ሁላችንም ሰማን። አባዬ ስልኩን ተቀብለው ይቅርታ ጠየቋት። አባ፣ ለእርስዎ ይቅር ብያለሁ አለች። «ሌባ ላሉኝ ሰዎች ግን ውሃ አልቀዳም። እማማን ሳሙልኝ።» ዘጋችው።

እኔ ስልኩን አልጠየቅሁም። የምላት ነበረኝ።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ጊዜ ደብረ ብርሃን ገባን። አውቶቡሱ ውስጥ ሁለት ጊዜ አስመለሳቸው፤ ፌስታሉን እኔ ያዝኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ስለ ኪኒኑ ትንሽ፣ ስለ ዳኜ ብዙ ጠየቃቸው። ቀስ በቀስ የሚቀንሱበትን አስረዳንና በየቀኑ የምሰጣቸው እኔ እንድሆን አዘዘ። ስንወጣ «አንቺስ፣ ትተኛለሽ?» አለኝ። እኔ ምንም የለብኝም አልኩት። እጄን አየ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ቁስቋም። አትናቴዎስ መራ። አባዬ ከምእመናኑ ጋር ከኋላ ተቀመጡ። ወሬው ሁሉ ዘንድ ደርሷል፤ ዘይት ይዞ የሚመጣ የለም። ጉልበት የሚስምም የለም። አንድ ሰውዬ በአጠገባቸው ሲያልፍ ጋቢውን ሰበሰበ፤ እንዳይነካቸው። እጃቸውን ከቀሚሴ ላይ ስፈለቅቅ እኔ ያደረግሁትን ስላደረገ ልገድለው ፈለግሁ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

አጣኋቸው። ከቤት፣ ከግቢ፣ ከደብሩ። አፈወርቅ መደብር በር ላይ አገኘኋቸው። ገና አልተከፈተም፤ ውርጩ ላይ ተኮራምተው በሩን በጥፍራቸው ይቧጥጣሉ።

«ዛሬ ብቻ» አሉኝ። «ጠዋት ስነሣ ድምፁን ሰማሁት፣ አመተ። የዳኜን።»

«እርስዎ ውሻ!» አልኳቸው።

ከአፌ ወጣ። አንቱ ብዬ ሰደብኳቸው። ከመሳደቤ አንቱታው ባሰብኝ። አባዬ ቀና ብለው አዩኝና «እውነትሽን ነው» አሉ። ባይመልሱልኝ ይሻል ነበር።

እዚያው በሩ ሥር አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። «ምን አለዎት ድምፁ?» አልኳቸው። ከግንቦት ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነው መጠየቄ። ነገሩኝ። ረጅም ነው፤ እዚህ አልጽፈውም። አፈወርቅ መጥቶ ሲያየን ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ተመለሰ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ቅበላ። ነገ ጾም ይገባል። ይሥሐቅ ሥጋ ይዞ መጣ፤ እኔ ጠበስኩት። አባዬ ከወደቁ ወዲህ በግድ ካልሆነ የበሉት ነገር አልነበረም፤ ለእሳቸው ትንሽ ሾርባ ብቻ አስቀምጬ ነበር። ግማሽ ፍሬያቸውን ጠዋት ውጠዋል። ከሰሞኑ ወደዚህ ወርደናል፤ ነገም ግማሽ ነው።

ይሥሐቅ መጉረስ ሲጀምር ከአልጋው ላይ ቀና አሉ።

«አመተ፣ ራበኝ» አሉኝ።

ሰምቼ እንዳልሰማሁ ቆምኩ። እንደገና አሉኝ። ተነሥተው ገበታው ላይ ተቀመጡ።

ጉርሻው ግማሹ አፋቸው ይገባል፣ ግማሹ ጢማቸው ላይ ይቀራል። ቅባቱ በአገጫቸው ወርዶ አንገታቸው ውስጥ ገባ። በዚያ በተነከሰ ምላሳቸው ሲያላምጡ ድምፅ ያሰማሉ። አፍንጫቸው ይፈሳል፤ በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና በዚያው እጅ ደግመው ጎረሱ።

ዛሬም ቀፈፈኝ። ዓይኔን አልመለስኩም።

ጨመርኩላቸው።